የመኪና የፊት መስታወት ያለ መስመርና ያለ ብዥታ እንዴት ይጸዳል (ለባህርዳርና ለጣና ዳር ሰው)

መስታወት ማጽዳት ማንም የሚችለው ነገር ይመስላል፣ ውሃ አፍስስ፣ ጥረግ፣ በቃ። ግን ቀን ላይ ንጹህ የመሰለው መስታወት ማታ አዲሱ የአባይ ድልድይ ላይ ስትገቡ ከፊት የሚመጣው አይሱዙ ረጅም መብራቱን ሲለቅባችሁ ድንገት በመስመርና በክብ ክብ ዱካ ይሞላል፣ ጠዋት ወደ ወረታ የምትወጡ ደሞ ፀሐይዋ ፊት ለፊት ስትመጣ ያው ነው፣ መንገዱ ይጠፋል፣ እግረኛ ይግባ ባጃጅ ይግባ አታዩም። እና ብዙ ሰው ምን ያደርጋል፣ ሳሙና ይጨምራል። ችግሩ እዛ ላይ ነው። መስታወት ላይ የምታዩት መስመር አብዛኛውን ጊዜ ሳይወጣ የቀረ ቆሻሻ አይደለም፣ ስናጸዳ እኛው የተውነው ነገር ነው፦ በደንብ ያልታጠበ ሳሙና፣ ከጨርቁ የመጣ ቅባት፣ ውሃው ሲደርቅ ጥሎት የሄደ ማዕድን፣ የጎማ ማብሪያ ምናምን። ስለዚህ ነገሩ ባጭሩ ሳሙና ቀንሱ ጨርቅ ጨምሩ ነው፣ ዝርዝር ግን አለው፣ በተለይ እኛ ከተማ ውስጥ ትንኙም ወፉም አቧራውም ስላለ።

መጀመሪያ መስመሩ የት እንዳለ እወቁ

ዝም ብላችሁ ወደ ባልዲ አትሩጡ። መኪናውን አቁሙና ጣታችሁን ንጹህ አድርጋችሁ ከውጭ መስታወቱን ዳሰስ አድርጉት፣ ከዛ ከውስጥም እንደዛው። ከውስጥ ሲነካ የሚያንሸራትት፣ ጣታችሁ ያለፈበት ቦታ መስመር ሆኖ የሚታይ ከሆነ ብዥታው የውስጥ ነው፣ እና ልንገራችሁ፣ ብዙ ጊዜ የውስጥ ነው። ውጩን ሰው በየቀኑ ያጥበዋል፣ ውስጡን ግን ማን ያስታውሰዋል። ከውጭ ስትዳስሱት ሻካራ ከሆነ፣ አሸዋ ወረቀት ነገር ከመሰላችሁ፣ እሱ የተጣበቀ ነገር ነው (የዛፍ ሙጫ፣ የነፍሳት ቅሪት፣ የደረቀ የውሃ ጠብታ)። ዋይፐሩ በሚሄድበት ቅስት ልክ ብቻ መስመር ካለ ደሞ ጥፋቱ የዋይፐሩ ጎማ ነው፣ መስታወቱን መቶ ጊዜ ብታጥቡት ዝናብ ሲመጣ ይመለሳል። በጥፍራችሁ ስትስቡት ጥፍር የሚይዝ መስመር ካለ እሱ ጭረት ነው፣ በዚህ መመሪያ አይወጣም።

ምን ምን ያስፈልጋል

ውድ ነገር የለም። አራት ማይክሮፋይበር ጨርቅ፣ የመኪና እቃ የሚሸጡ ሱቆች ጋ አለ፣ ካልተገኘ ብዙ ጊዜ የታጠበ የጥጥ ቲሸርት ይሰራል፣ አዲስ ቲሸርት ግን አይሆንም ብናኝ ይለቃል። አንዱ ለማጠቢያ፣ አንዱ ለማድረቂያ፣ አንዱ ለአልኮሉ፣ የመጨረሻው ለማጠናቀቂያ ነው፣ ይሄ የመጨረሻው ውሃ የማይነካው ደረቅ መሆን አለበት። ሁለት ባልዲ፣ አንድ መርጫ ጠርሙስ፣ ላርጎ፣ ነጭ አቼቶ፣ እና ፋርማሲ የሚሸጠው 70 ፐርሰንት አልኮል።

የእጅ ሳኒታይዘር ከኮሮና ጊዜ የተረፈ አለኝ የሚል ሰው አይጠፋም። አይሆንም። ጄሉ ውስጥ ግሊሰሪንና ማወፈሪያ ስላለ ራሱ ነው መስመር የሚሰራው። አረቄም አይሆንም፣ እሱን ለሚጠጣው ሰው ተዉለት።

ጋዜጣ የሚባለው የድሮ ዘዴ ውሸት አይደለም፣ ወረቀቱ ብናኝ ስለማይለቅ መስታወት ያጠራል፣ አዲስ ዘመንም ይሁን በኩር ልዩነት የለውም፣ ግን ቀለሙ እጃችሁንና የመስታወቱን ዳር ጎማ ያጠቁራል፣ ውስጥ ላይ ከሰራችሁበት ደሞ ነጭ የጣራ ልባስ ካለ ይበላሻል። እኔ ጨርቅ እመርጣለሁ። ሶፍት ግን በፍጹም፣ እርጥብ መስታወት ላይ ተበጣጥሶ ይቀራል፣ ከዛ እሱን ስትለቅሙ ትውላላችሁ።

ውሃው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ሰው ይንቀዋል። የጣናን ውሃ አትጠቀሙ፣ ክረምት ላይ ከወንዞቹ የሚገባው ደለል ራሱ ለዓይን ይታያል፣ ደለል ማለት ደሞ ደቃቅ አሸዋም አለበት፣ መስታወት ላይ አድርጋችሁ ስታሹት መጫር ነው የጀመራችሁት። በዛ ላይ ሐይቁ ዳር መኪና ማጠብ በራሱ ጥሩ አይደለም፣ ዘይቱም ሳሙናውም ቀጥ ብሎ ውሃ ውስጥ ነው የሚገባው፣ አንዳንዱ የዱቄት ሳሙና ፎስፌት አለው፣ ፎስፌት ደሞ ለእምቦጭ ማዳበሪያ ነው፣ እምቦጩ ጣና ላይ መታየቱ ከታወቀበት ከፈረንጆቹ 2011 ጀምሮ ስንቱ ገበሬና ዓሣ አስጋሪ በእጁ ሲነቅል እንደኖረ እኛ ባህርዳሮች እናውቃለን፣ ደግሞ እኛው እንቀልበው እንዴ? የቧንቧ ውሃ ለማጠቢያ ይበቃል። ለመጨረሻው ድብልቅ ግን ማዕድን የሌለው ውሃ ብታገኙ ይመረጣል። ውሃችሁ ማዕድን ይብዛበት አይብዛበት ለማወቅ የቤታችሁን ማንቆርቆሪያ ውስጡን እዩ፣ ነጭ ቅርፊት ከያዘ ያው ቅርፊት መስታወታችሁም ላይ በነጠብጣብ መልክ ይቀራል ማለት ነው። ክረምት ከሆነ የዝናብ ውሃ በንጹህ ባልዲ ያዙ፣ ጣራ ላይ የወረደውን ሳይሆን ሜዳ ላይ አስቀምጣችሁ ከሰማይ የወረደውን፣ ማዕድን የለውም ማለት ይቻላል። በጋ ከሆነ የባትሪ ውሃ ግዙ፣ እሱ የተጣራ ውሃ ነው። ስትገዙ ግን ረጋ ብላችሁ "ውሃውን ነው የምፈልገው" በሉ፣ ምክንያቱም እዛው መደርደሪያ ላይ በተመሳሳይ ጀሪካን የባትሪ አሲድም ይሸጣል፣ ቀለሙም ያው ውሃ ነው፣ አሲዱ ዓይንና ቆዳ ነው የሚያቃጥለው፣ ቀለምም ይበላል።

ድብልቁ፦ አንድ እጅ አልኮል፣ አንድ እጅ የተጣራ ውሃ፣ መርጫው ውስጥ አድርጋችሁ ነቅነቅ። በቃ፣ ሳሙና አይገባበትም፣ ሽቶ አይገባበትም። ሌላ መርጫ ካላችሁ አንድ እጅ አቼቶ ከአንድ እጅ ውሃ ጋር ለብቻው አዘጋጁ፣ እሱ ለውሃ ነጠብጣብ ነው። በረኪና ግን ወደዚህ ነገር እንዳታስጠጉ፣ በረኪና ከአቼቶ ጋር ሲገናኝ ክሎሪን የሚባል መርዛማ ጋዝ ነው የሚያወጣው፣ ከአልኮል ጋርም ጤነኛ አይደለም። መርጫው ላይ ስሙን ጻፉበት፣ ቤት ውስጥ ልጅ አለ።

መቼና የት

ፀሐይ ላይ አትስሩ። የባህርዳር ፀሐይ ደሞ ታውቋታላችሁ፣ 1800 ሜትር ከፍታ ላይ ሆና እንኳን ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ መስታወቱን እጅ አያስነካም፣ ውሃውም አልኮሉም ጨርቁ ሳይደርስበት ይደርቃል፣ የደረቀው ነገር ነው መስመሩ። ጠዋት ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ድረስ ወይ ከ11 ሰዓት በኋላ ጥሩ ነው። ከመንገድ የመጣ መኪና ከሆነ ኮፈኑም ሞተሩም ስለሚግል ትንሽ አቆዩት።

ጥላ ስትፈልጉ ግን ዛፍ ስር ላለማቆም ሞክሩ፣ ከተማችን ዛፍ በዛፍ ስለሆነች ጥላ ሞልቷል፣ ከላይ ግን ወፍ አለ፣ ሙጫ አለ፣ አበባ አለ፣ ጨርሳችሁ ገና ባልዲውን ሳታነሱ አንዱ ወፍ ስራውን ይሰራል። የግንብ ጥላ ወይም የቤት በረንዳ ይሻላል።

አቧራውን በውሃ አውርዱ

እዚህ ላይ ነው አብዛኛው መስታወት የሚበላሸው። ከፒስታ መንገድ የመጣ መኪና መስታወቱ ላይ ቀይ አቧራ ይቆለልበታል፣ ሰውዬው ደረቅ ጨርቅ አንስቶ ይጠርገዋል፣ ወይ ደሞ ዋይፐሩን በደረቁ ያስነሳዋል። አቧራ ውስጥ ያለው ደቃቅ አሸዋ ከመስታወት የማይተናነስ ጠንካራ ነገር ነው፣ በደረቁ ሲታሽ ይጭራል፣ ዛሬ አይታይም፣ ቀስ በቀስ ግን መስታወቱ ይደክምና ማታ መብራት ሲመታው እንደ ሸረሪት ድር ይበተናል። ያ ከሆነ በኋላ ምንም አልኮል አያድነውም።

ስለዚህ ሁለት ጆግ ውሃ ከላይ ከጣራው ጀምራችሁ አፍስሱ፣ አቧራው በራሱ ይውረድ። ዋይፐሮቹን አንሱና ከስራቸው፣ ከመስታወቱ ግርጌ ያለው የፕላስቲክ ወንፊት ላይ የተጠራቀመውን ቅጠልና አፈር በእጃችሁ ልቀሙ፣ እዛ ያለው ቆሻሻ ነው በየዝናቡ ወደ ላይ የሚሳበው። ከፎገራ በኩል ጥቁር ጭቃ ይዛችሁ ከመጣችሁ ደሞ አትፈግፍጉት፣ ደጋግማችሁ አርሱትና ይልቀቅ፣ ያ ጭቃ ከደረቀ ሲሚንቶ ነው።

ትንኝ፣ አሸን፣ ወፍ፣ ሙጫ

ጣና ዳር የሚኖር ሰው ይሄን ክፍል መዝለል አይችልም። ማታ ማታ ከሐይቁ የሚነሳው ትንኝ መብራት ተከትሎ ስለሚመጣ በሐይቁ ዳር መንገድ አንዴ ካለፋችሁ መስታወቱ በጥቃቅን ነጥብ ይሞላል፣ ክረምቱ ሲገባ ደሞ አሸኑ አለ፣ እሱ ክንፉ ይቀራል ሆዱ ይፈርጣል፣ ቅባት ነው። ይሄንን ዋይፐር አስነስታችሁ ለማጽዳት ከሞከራችሁ መስታወቱን በሙሉ ቅባት ቀባችሁት ማለት ነው፣ በተለይ እየነዳችሁ ከሆነ አታድርጉት፣ ለተወሰነ ሰከንድ ምንም አይታይም።

መፍትሄው ትዕግስት ነው። የማጠቢያውን ጨርቅ በለብታ ውሃ ከጥቂት ላርጎ ጋር ነክራችሁ ሳትጨምቁት መስታወቱ ላይ አንጥፉት፣ 5 ወይ 10 ደቂቃ ይቆይ፣ ከዛ ስታነሱት ግማሹ አብሮ ይነሳል፣ የቀረውን በቀስታ እሹት። በጣም የተጣበቀ ካለ ጊዜው ያለፈበት የኤቲኤም ካርድ ጠፍጣፋውን አስተኝታችሁ እርጥቡ ላይ ገፋ ገፋ፣ ፕላስቲክ ስለሆነ መስታወት አይጭርም። ምላጭ ትችላላችሁ የሚሉ አሉ፣ ይቻላል፣ ግን ስራው የሚያስፈራ ነው፣ ምላጩ ስር አንድ ፍሬ አሸዋ ከገባ አለቀ፣ እኔ አልመክርም። የድስት ሽቦ ደሞ ወሬውም አይነሳ።

የወፍ ኩስም እንደዛው ነው፣ እርጥብ ጨርቅ አንጥፎ መጠበቅ። ውስጡ አሸዋና ፍሬ ስላለ በደረቁ አትፋቁት። የዛፍ ሙጫ ግን ውሃ አይሰማም፣ አልኮሉን ሳይበረዝ ጨርቅ ጫፍ ላይ አድርጋችሁ ሙጫው ላይ ለግማሽ ደቂቃ ይዛችሁ ጥረጉት፣ አንዴ ካልወጣ ድገሙት። አልኮሉ የመኪናውን ቀለም ላይ እንዳይንጠባጠብ ጠንቀቅ በሉ።

ከተለጣፊም የሚቀር ሙጫ አለ። ያምናውን ቦሎ ልጣችሁ የቀረው ነጭ ነገር፣ የኢንሹራንሱ ወረቀት፣ አንዳንዱ መኪና ላይ ደሞ በየዓመቱ ተደራርቦ የተለጠፈ የሥዕል ተለጣፊ አለ። ወረቀቱን በለብታ ውሃ አርሳችሁ ላጡት፣ የቀረውን ሙጫ ትንሽ የምግብ ዘይት ቀብታችሁ ካቆያችሁ በኋላ ጥረጉት፣ ዘይቱን በላርጎ አጥባችሁ አውጡ፣ በመጨረሻ አልኮል። የዘንድሮውን ቦሎ ግን ውሃም አልኮልም እንዳይነካው፣ ቀለሙ ከለቀቀ ትራፊክ ፊት ማስረዳቱ የናንተ ነው።

አሁን ማጠብ

ለ5 ሊትር ውሃ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ላርጎ ይበቃል። አረፋ አይብዛ፣ ሰው አረፋ ሲያይ የጸዳ ይመስለዋል፣ መስታወት ላይ ግን አረፋ እዳ ነው። የዱቄት ሳሙና አልጠቀምም፣ ሳይሟሟ የቀረው ፍሬ ይጭራል፣ ከታጠበም በኋላ ይቀራል። ከላይ ወደ ታች እጠቡ፣ ጨርቁን በሌላኛው ባልዲ ንጹህ ውሃ ውስጥ እያለቀለቃችሁ፣ ከዛ በብዙ ውሃ አጥሩት። ውሃው ሲወርድ ተመልከቱት፣ በመስታወቱ ላይ እንደ አንሶላ ተዘርግቶ ከወረደ ንጹህ ነው፣ ቦታ ቦታ ላይ እየተሰበረ፣ እየሸሸ፣ ጠብታ ጠብታ እየሆነ ከወረደ እዛ ጋ ገና ቅባት አለ ማለት ነው (ውሃ የሚያሸሽ ኬሚካል ያስቀባችሁ ካልሆነ በቀር፣ እሱማ ስራው ነው)። እዛችን ቦታ ብቻ ድገሟት። ከዛ በሁለተኛው ጨርቅ አድርቁ፣ ውሃውን አየር ያድርቀው ብላችሁ አትተዉት።

ላቫጆ የምታሳጥቡ ከሆነ እዚህ ጋ ቆማችሁ እዩ። ልጆቹ ጎበዞች ናቸው፣ ይፈጥናሉ፣ ግን ጎማውንና ቸርኬውን የጠረገው ጨርቅ ብዙ ጊዜ መስታወቱም ላይ ይወጣል፣ እዛ ጨርቅ ላይ ግራሶ አለ፣ የጎማ ማብሪያው ሲሊኮን አለ፣ ሲሊኮን መስታወት ከነካ ደሞ ዝናብ ሲመጣ ዋይፐሩ ያዳርሰውና ብዥ ያደርገዋል። "ጋሼ በዚሁ ልለፈው?" ሲላችሁ "የኔ ወንድም፣ ለመስታወቱ በዚህ" ብላችሁ የራሳችሁን ንጹህ ጨርቅ ስጡት፣ አይከፋውም፣ ጉርሻም ጨምሩለት። የጎማ ማብሪያው ደሞ ከመስታወቱ በፊት ይሁን እንጂ በኋላ አይሁን።

አልኮሉ፣ ማለትም ዋናው

መስታወቱን በልባችሁ ለአራት ክፈሉት፣ ሁለት ከላይ ሁለት ከታች። በሙሉ አትርጩት፣ አንዱ ጋ ስትደርሱ ሌላው ይደርቃል። ሦስተኛው ጨርቅ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ርጩ፣ ጨርቁ ይርጠብ እንጂ አይንጠብጠብ፣ ሩቡን ጥረጉ፣ ወዲያው፣ ገና እርጥበቱ እያለ፣ በአራተኛው ደረቅ ጨርቅ ተከተሉት። ጨርቁን ለአራት እጠፉትና አንዱ ገጽ ሲርስ ወይ ሲቆሽሽ ገልብጡት፣ አንድ ጨርቅ ስምንት ንጹህ ገጽ ይሰጣችኋል። ክብ ክብ አታዙሩ፣ የዞረ ነገር ሲደርቅ ማታ የምታዩትን ክብ ዱካ ይሰራል።

እና ይሄን ያዙ፦ ከውጭ ወደ ጎን ጥረጉ፣ ከውስጥ ከላይ ወደ ታች። ለምን ብትሉ በኋላ መስመር ቢቀር አቅጣጫውን አይታችሁ የውጭ ይሁን የውስጥ በአንዴ ታውቃላችሁ፣ ካለበለዚያ አንዱን ስትጠርጉ ሌላው ጋ ነው እየተባባላችሁ ስትወጡ ስትገቡ ትውላላችሁ።

አልኮል እሳት ይወዳል። ሲጋራ የሚያጨስ አጠገባችሁ አይኑር፣ መርጫውንም ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ ጥላችሁ አትሂዱ።

ውሃ ደርቆ የተወው ነጭ ነጠብጣብ በዚህ ካልወጣ የአቼቶውን መርጫ አምጡ፣ ጨርቅ አርሳችሁ ነጠብጣቡ ላይ 5 ደቂቃ አንጥፉ፣ እሹት፣ በውሃ አጥሩት፣ ከዛ አልኮሉን ድገሙ። አቼቶው የመኪናው ቀለምና ጎማው ላይ አይቆይ። ብዙ ዓመት የቆየ ነጠብጣብ መስታወቱን በልቶት ሊሆን ይችላል፣ ያ ሴሪየም ኦክሳይድ በሚባል ዱቄት በማሽን ነው የሚወለወለው፣ የባለሙያ ስራ ነው። የጥርስ ሳሙና ቀቡበት የሚሏችሁን አትስሙ፣ ትርፉ ዳር ዳሩ ላይ ነጭ ሆኖ መቅረት ነው።

የውስጡ

ውስጥ ላይ ያለው ብዥታ ከየት መጣ? ከትንፋሽ፣ ከእጅ፣ ከሲጋራ፣ ግን ትልቁ ከዳሽቦርዱ ነው። ፕላስቲኩ ፀሐይ ላይ ሲግል ማለስለሻው ይተንና ቀዝቀዝ ያለው መስታወት ላይ ሄዶ ይለጠፋል፣ ቀስ በቀስ ስስ የቅባት ልባስ ይሆናል፣ አዲስ መኪና ላይ ይብሳል። ዳሽቦርድ የሚያበራ ስፕሬይ የምትነፉ ደሞ በላዩ ላይ ትጨምሩበታላችሁ፣ ያ ብልጭልጭ ነገር ሲሊኮን ነው፣ ፀሐይ ላይ ዳሽቦርዱ ራሱ መስታወቱ ላይ እየታየ ዓይን ይወጋል። ለዳሽቦርድ እርጥብ ጨርቅ በቂ ነው። ክረምት ላይ መስታወቱ ጉም የሚይዘውም በዚሁ ልባስ ይብሳል፣ እርጥበቱ የቆሸሸ መስታወት ላይ በጠብታ በጠብታ ነው የሚይዘው፣ ጣና ዳር ደሞ አየሩ እርጥብ ነው።

በር ክፈቱ፣ ሁለቱንም። ከመሪው በኩል ሳይሆን ከጋቢና ወንበር ተቀመጡ፣ መሪው ያስቸግራል። መስታወቱ ላይ አትርጩ፣ ዳሽቦርዱና ሬዲዮው ላይ ይወርዳል፣ ጨርቁ ላይ ርጩ። ግርጌው፣ ዳሽቦርዱና መስታወቱ የሚገናኙበት ስርጉድ ቦታ፣ እጅ አይገባበትም፣ መዳፋችሁን ወደ ላይ ገልብጣችሁ ጨርቁን በጣቶቻችሁ ጀርባ ግፉት ይገባል፣ ካልሆነ ፕላስቲክ ማስመሪያ ላይ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ሳቡት። መጀመሪያው ዙር ጨርቁ ቢጫ ወይ ግራጫ ሆኖ ይወጣል፣ አትደንግጡ፣ ሁለተኛ ዙር በንጹህ ገጽ ያስፈልጋል፣ አንዴ ተጠርጎ የወጣ የውስጥ መስታወት የለም ማለት ይቻላል።

ጎን መስታወቱ ፊልም የተለጠፈበት ከሆነ አሞኒያ ያለበትን የቤት መስታወት ማጽጃ አትንኩት፣ ፊልሙን ያበላሸዋል፣ ለፊልም ውሃና ጠብታ ላርጎ ይበቃል። የኋላው መስታወት ላይ ያሉት ቀጫጭን ቡናማ መስመሮች የማሞቂያ ሽቦ ናቸው፣ ወደ ጎን ተከትላችሁ ጥረጉ እንጂ አታቋርጧቸው፣ ጥፍርም ቀለበትም ይበጥሳቸዋል።

ዋይፐሩና የውሃው ጣሳ

ዋይፐሩን አንሱ፣ አልኮል የነካ ጨርቅ በጎማው ምላስ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳቡ። ጥቁር ይወጣል። ጥቁሩ እስኪቀንስ ድገሙ። ጎማው የተሰነጣጠቀ፣ የደረቀ፣ አንድ ጎን የታጠፈ ከሆነ ግን ማጽዳቱ ትርፉ ድካም ነው፣ ቀይሩት፣ በጋውን ሙሉ ፀሐይ ላይ ሲቆም ይደርቃልና ሰኔ ሳይገባ ማየቱ ጥሩ ነው። ስትቀይሩ መስታወቱ ላይ ፎጣ አንጥፉ፣ ጎማ የሌለው ክንድ ድንገት ስፕሪንጉ መልሶት ቢመታው መስታወቱን ሊሰነጥቀው ይችላል።

መስታወቱ ላይ የሚረጨው ውሃ የሚቀመጥበት ጣሳ ውስጥ ላርጎ አትሙሉ፣ አረፋው ነው በየጊዜው መስመር የሚሰራው። ንጹህ ውሃ፣ ካስፈለገ ጥቂት አልኮል። እኛ ጋ ውሃ በረዶ አይሆንም፣ ስለዚህ የፈረንጅ አገሩ መከላከያ ፈሳሽ አያስፈልግም። የሐይቅ ውሃ ከሞላችሁበት አረንጓዴ ነገር ይበቅልበትና የመርጫውን ቀዳዳ ይደፍነዋል፣ በመርፌ ትከፍቱታላችሁ።

ጠጠር የመታው ቦታ ካለ እዛ ላይ አትጫኑ፣ ሳሙናና አቼቶም አታስገቡበት፣ በተለይ የጋለ መስታወት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አትድፉ፣ ስንጥቁ በዓይናችሁ እያያችሁት ይሄዳል።

ካለቀ በኋላ

ቀን ላይ አትፍረዱ። ከመሸ በኋላ ጓደኛችሁ የስልኩን መብራት ከኮፈኑ ፊት ቆሞ ዝቅ አድርጎ ያብራባችሁ፣ እናንተ መሪው ጋ ተቀምጣችሁ እዩ። ወደ ጎን የተኛ መስመር ካያችሁ የውጭ ነው፣ የቆመ ከሆነ የውስጥ ነው፣ እዛችን ቦታ ብቻ በአልኮልና በደረቅ ጨርቅ።

ጨርቆቹን ከሌላ ልብስ ጋር አታጥቧቸው፣ በተለይ ከጥጥ ፎጣ ጋር፣ ብናኙን ይሰበስባሉ። ለብ ባለ ውሃና በትንሽ ፈሳሽ ሳሙና፣ ማለስለሻ የሚባለው ሽቶ ነገር ሳይገባበት (እሱ ጨርቁ ላይ ቅባት ይተዋል፣ ቅባቱ ደሞ መስታወቱ ላይ ይመጣል)፣ ብዙ ጊዜ አለቅልቃችሁ ጥላ ላይ አስጡ፣ አቧራ የሚነሳበት መንገድ ዳር ሳይሆን ጓሮ። ሲደርቁ ፌስታል ውስጥ አስራችሁ አስቀምጡ፣ ከክሪኩና ከዘይቱ ጣሳ ጋር አንድ ላይ አትወርውሯቸው። ውስጡን በወር አንዴ፣ ውጩን ደሞ ሐይቁ ዳር ማታ ማታ የምታቆሙ ከሆነ በየሦስት በየአራት ቀኑ፣ ትንኙ ሳይደርቅ።